የኮሌጅ ክፍያ ጣሪያ ሊበጅለት ይገባል

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

መንግሥት በከፍተኛ ትምህርት ክፍያ ላይ ገደብ ሊያስቀምጥ ይገባል ከሚሉት ወገን መሆኔን በግልጽ ለመናገር እወዳለሁ።

ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠራበት የወጪ መጋራት ሥርዓት፣ ተማሪው ድርሻውን ተመርቆ ሥራ ከያዘ በኋላ ከደመወዙ እንዲከፍል ስለሚፈቅድ፣ የድኻ ልጅ ከበር እንዳይመለስ አድርጓል። በግል ኮሌጆችና በማታው መርሐ ግብር ግን ገንዘቡ በቅድሚያ ይጠየቃል። የመንዝ ገበሬ የመኸር ገብሱን የሚሰበስበው በኅዳርና በታኅሣሥ ሲሆን ምዝገባው የሚከፈተው እህሉ ገና ማሳ ላይ ሳለ በመሆኑ፣ ልጁን ደብረ ብርሃን ልኮ ለማስተማር በጎቹን ለመሸጥ ወይም ለመበደር ይገደዳል።

ከሁሉም የሚከፋው ክፍያው በትምህርቱ መካከል ሲጨመር ነው፤ ሁለተኛ ዓመት የደረሰ ተማሪ ልዛወር ቢል የወሰዳቸው ኮርሶች ሁሉ ላይያዙለት ስለሚችሉ፣ የተጠየቀውን ከመክፈል በቀር ምርጫ የለውም፤ ይህንንም ነፃ ገበያ ብሎ መጥራት ይከብደኛል።

የመምህራን ደመወዝና የሕንፃ ኪራይ እንደሚንር አልክድም። የምጠይቀው፣ ተማሪው ሲመዘገብ የተነገረው ክፍያ እስኪመረቅ እንዲጸናለት፣ ጭማሪውም አዲስ ገቢ ተማሪዎችን ብቻ እንዲመለከትና ከምዝገባው ወራት አስቀድሞ እንዲገለጽ በሕግ እንዲደነገግ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1294/2015 የራስ ገዝነት መንገድ የተከፈተላቸው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም በራሳቸው ገቢ ይበልጥ መደገፍ ስለሚኖርባቸው፣ ደንቡ እነርሱንም ሊያካትት ይገባል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ወላጅ፣ ከሰሜን ሸዋ