የሙከራ ቦይ ሳንከፍት የቀን ብዛት የማንሰጠው ለምንድን ነው?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ግንባታ ከመጀመሩ በፊት ለሚደረገው የቅርስ ቁፋሮ «ስንት ቀን ይፈጃል?» እያላችሁ ትጠይቁናላችሁ። የሙከራ ቦይ፣ ማለትም ከመሬቱ በታች ያለውን ለማየት የሚከፈት ጠባብ ቁፋሮ፣ ሳንከፍት መልስ አንሰጥም። ሜዳው ላይ የሚታየው ገልና የድንጋይ ክምር አብዛኛውን ጊዜ የሚነግረን የላይኛውን ዘመን ብቻ ነው። ትግራይ ውስጥ የሐ አጠገብ ያለው ቤተ ሰማዕቲ የተባለ ጥንታዊ ሠፈር ሰው የኖረበት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ750 ገደማ አንስቶ እስከ 650 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው፤ ይህ የታወቀው ግን በቁፋሮ ነው።

ስለዚህ በቅድሚያ የ2 ሜትር ስፋት ያላቸው ቦዮች እንከፍታለን። ስካቫተሩ ጥርስ የሌለው ባልዲ ይግጠም፤ ጥርስ ያለው መሬቱን ያበጥረውና የአሮጌ ጉድጓድ አፍ አይለይም። አፈሩ በ10 ሳንቲ ሜትር እየተላጠ ይነሳል፣ አንድ ባለሙያ ከባልዲው ፊት ሆኖ ያያል። የቀለም ልዩነት የሚታየው አፈሩ እርጥብ ሳለ ነው፤ ከደረቀ በአረም መርጫ ውሃ እንረጨዋለን።

ሥራውን የሚያረዝመው የዘመናት መደራረብ ነው። ኋላ የመጣ ገበሬ የእህል ጉድጓድ ሲቆፍር የቀደመውን ቤት ወለል በስቶ ይወርዳል። ጉድጓዱን ለይተን ቀድመን ካላወጣነው የሁለቱ ዘመን ገል ይቀላቀላል። ስለዚህ የጉድጓዱን ሙሌት ግማሹን ብቻ ቆርጠን የተቆረጠውን ፊት በወረቀት ላይ እንስላለን፣ ከዚያ ሌላውን ግማሽ እናወጣለን። መረሬ (ጥቁር ጭቃማ) አፈር ደግሞ የባሰ ነው፤ በበጋ ሲሰነጠቅ የላዩ ገል ወደ ታች ይገባል። በስንጥቅ ውስጥ በተገኘ አንድ ገል ዘመን አንወስንም።

አፈሩን የምንነፋበት የ5 ሚሊ ሜትር ወንፊት እንደ ጤፍ ያለ ትንሽ ፍሬ አይዝም። አመድ ካለበት ጉድጓድ 40 ሊትር ያህል አፈር ውሃ ውስጥ በጥብጠን የሚንሳፈፈውን በ0.25 ሚሊ ሜትር መረብ እንይዛለን። ለዕድሜ ምርመራም ከምሰሶ ከሰል ይልቅ የከሰለች የገብስ ፍሬ እንመርጣለን፤ የወይራ ግንድ ሲቆረጥ ራሱ መቶ ዓመታት አሳልፎ ሊሆን ይችላል፣ ገብሷ ግን የአንድ ክረምት ናት።

ከእናንተ የምንፈልገው፦ ቦታው ላይ አሸዋና ብረት አታራግፉ፣ ዶዘርም «ለማስተካከል» ብላችሁ አታስገቡ። ቁፋሮው ያለ ኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ አይጀመርም። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ቦዩ ውሃ ስለሚይዝ ያን ጊዜ በዕቅዳችሁ አታስገቡት። እኛ ከወጣን በኋላ ቅርስ ቢገኝም በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ባለበት ጠብቆ ማሳወቅ ግዴታ ነው። መቃብር ከሆነ ለአካባቢው ሽማግሌዎችም ወዲያው ይነገር።

የቦዩን ዋጋ ለብቻው እናስከፍላለን፤ የዋናውን ቁፋሮ ቀንና ዋጋ ከቦዩ ውጤት ጋር እንልክላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር
የመስክ ሥራ ክፍል