አብረን ስንመገብ አስቀድሞ የሚነገር ነገር አለ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ከቤተሰብ ወይም ከሥራ ባልደረቦች ጋር ምግብ ቤት ሲገባ ቅሬታ የሚበዛው በምግብ መዘግየትና በሂሳብ መምታታት ነው። ብዙ ሰው ከሆናችሁ ቀድማችሁ ደውላችሁ ቁጥራችሁን ተናገሩ፤ ትእዛዙንም በአንድ ጊዜ ስጡ። አንዱ አሁን፣ ሌላው ከሩብ ሰዓት በኋላ ካዘዘ፣ አንዱ በልቶ ሲጨርስ የሌላው ገና ምድጃ ላይ ይሆናል። ለየብቻ የምትከፍሉ ከሆነ አስተናጋጁ መጻፍ ሳይጀምር ንገሩት።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን አለርጂ ነው። ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው ካለ፣ የተነሰነሰውን ከላይ አንስቶ ማቅረብ አያድነውም፤ ጥቂት ቅንጣት በማንኪያ ወይም በመጥበሻ ዘይት ተላልፎ ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላል። «አይወድም» ሳይሆን «ያመዋል» በሉ፤ ምግቡ በታጠበ ዕቃና በአዲስ ዘይት እንዲሠራ ጠይቁ። አስተናጋጁ እርግጠኛ ካልሆነ ምግብ አብሳዩ ራሱ ይጠየቅ። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም።

የተረፈውን የምታስቋጥሩ ከሆነ፣ ከቀረበ 2 ሰዓት ሳይሞላው ፍሪጅ ይግባ። ባክቴሪያ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ቶሎ ይራባል። ስታሞቁትም መሃሉ ጭምር በደንብ ይፋጅ።

የዘወትር አንባቢያችሁ