ደረት ላይ የሚቀመጠው ማነው?

ውድ አባላት፣

በዚህ ዙር የምንጽፈው ሥነ ልቦናዊ አስፈሪ ታሪክ ነው። ልጅ ሆነን ከሰማነው ተረትና ውስጣችን ከቀረው ቁስል እንነሳለን።

ዱካክን አስቡት። ሰውየው ነቅቷል፤ ግን ጣቱን እንኳ ማንቀሳቀስ አቅቶታል። ደረቱ ላይ የሆነ ነገር ተጭኖታል። ሕክምናው የእንቅልፍ ሽባነት ይለዋል፤ አእምሮ ቀድሞ ሲነቃ ሰውነት ገና ሕልም በሚታይበት እንቅልፍ እንደተያዘ ነው። በካናዳ ኒውፋውንድላንድ ግን «አሮጊቷ» መጣች ይላሉ። ጃፓኖች «ካናሺባሪ» ይሉታል፤ በብረት እንደ መታሰር ማለት ነው። ሁሌም የሚገርመኝ ይሄ ነው። የሚሰማው ጭንቀት አንድ ነው፣ ጭራቁ ግን እንደየአገሩ መልኩን ይቀይራል። እናንተም ከዚህ ጀምሩ። የእናንተ ገጸ ባሕርይ ደረት ላይ የተቀመጠው ማነው? ለምን ያንን ገጸ ባሕርይ መረጠ?

ደግሞ ጭራቁን ቶሎ አታሳዩን። በር ሲንኳኳ ትንፋሿን የምትይዝ ሴት፣ ምክንያቱ ሳይነገረን፣ ቀንድ ካለው ጋኔን በላይ ታስፈራለች።

አንድ ነገር ግን አደራ። ገና የሚደማ ቁስል ካላችሁ አትነካኩት። ስትጽፉ እንቅልፍ ከነሳችሁ አቁሙ፤ ሌላ ታሪክ ይዛችሁ ብትመጡ ማንም ለምን አይልም። የሌላ ሰው ሕመም ከሆነ መጀመሪያ ባለቤቱን አስፈቅዱ። ስንነባበብም «እውነት ደርሶብሽ ነው?» ብለን አንጠይቅ። ስለ ጽሑፉ ብቻ እናውራ።

ከአምስት ገጽ አይብለጥ። ከባድ ይዘት ካለው አናቱ ላይ በአንድ መስመር ንገሩን።