የሁሉም ሰው ልብ ይቆማል
ለሞት ምዝገባ መሥሪያ ቤት ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

የአባቴ የሞት ምስክር ወረቀት ይታረምልኝ ብዬ ሦስት ጊዜ በማመልከቻ ጠይቄዎታለሁ። የመጀመሪያው "ይታያል" ተባለ። ሁለተኛው ጠፋ። ሦስተኛውን ሳስገባ ጸሐፊዎ "አሁንም ያንን ነገር አልተዉትም?" አሉኝ። አልተውኩትም። ጆሮ ዳባ ልበስ ስላላችሁኝ ከዚህ በኋላ ሰው ሁሉ እየሰማ እንነጋገር።

ነገሩ አንድ መስመር ነው። በአባቴ የሞት ምስክር ወረቀት ላይ "የሞት ምክንያት" ከሚለው ፊት ለፊት "የልብ መቆም" ተብሎ ተጽፏል። በቃ። ከሥሩ ያሉት መስመሮች ባዶ ናቸው።

አባቴ 14 ዓመት ከስኳር ጋር ኖሯል። መጀመሪያ ዓይኑ ደከመ። ቀጥሎ የግራ እግሩ አውራ ጣት ላይ ጫማ የላጠው ትንሽ ቁስል አልድን አለ። እናቴ ጠዋት ጠዋት ለብ ባለ ውኃ እያጠበች በፋሻ ትጠቀልልለት ነበር። ጣቱ ከተቆረጠም በኋላ ማጠቧን አልተወችም። በመጨረሻ ኩላሊቱ እጅ ሰጠ። ሁለት ዓመት ሙሉ በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት ተመላለሰ። ይህ ሁሉ እናንተ ዘንድ ሲደርስ ሁለት ቃል ሆነ።

ወረቀቱን በመስኮቱ ሥር መልሼ ስገፋው ሠራተኛው ምን አሉኝ መሰለዎት? "ታዲያ ልባቸው ቆሞ አይደል የሞቱት?" አዎ፣ ቆሟል። የሁሉም ይቆማል። መኪና የገጨውም ልቡ ይቆማል። ወባ የገደለውም ይቆማል። የእኔም፣ የእርስዎም አንድ ቀን ይቆማል።

ደንቡን ለእርስዎ ማስተማር አሳፋሪ ነው፤ ግን ይሁን። የዓለም ጤና ድርጅት ቅጽ ላይ በቀጥታ የገደለው ከላይ ይጻፋል። ከሥሩ ያንን ያመጣው፣ ከዚያም ሥር እሱን ያመጣው፣ እያለ እስከ መነሻው ይወርዳል። ለስታቲስቲክስ የሚቆጠረው መነሻው ነው። የልብ መቆም አሟሟት እንጂ ምክንያት አይደለም። መመሪያው ከሠራተኛው ጀርባ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ንጹሕ ነው፤ ገልጦት የሚያውቅ ያለ አይመስልም።

ለነገሩ አዲስ በደል አይደለም። በድሮዋ ለንደን ሬሳ አይተው የሞቱን ምክንያት የሚናገሩት አሮጊቶች ነበሩ። ዝርዝራቸው ውስጥ "ጥርስ" እና "በድንገት" የሚባሉ የሞት ምክንያቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1662 የለንደን ነጋዴው ጆን ግራውንት ይህን መዝገብ ሲመረምር፣ አሮጊቶቹ ቢራ ቀማምሰውና ጉቦ ተቀብለው በቂጥኝ የሞተውን በሌላ በሽታ ስም እንደሚያስመዘግቡ ጻፈ። እነሱ እንኳ የሚከፈላቸው ነገር ነበር። እናንተ በነጻ ነው የምትሠሩት። እ.ኤ.አ. በ1839 ደግሞ የስታቲስቲክስ ባለሙያው ዊልያም ፋር የእንግሊዝን የሞት መዝገብ አይቶ ያማረረው ልክ እንደ እኔ ነው፦ ዋናው በሽታ ቀርቶ ያስከተለው ጣጣ ይመዘገባል ብሎ።

"አንድ ወረቀት ምን ይለውጣል?" ብለውኛል አንድ ባልደረባዎ። ሰው የሚሞትበት ነገር ከዘመን ዘመን ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1900 አሜሪካ ውስጥ ከፊት የተሰለፉት ገዳዮች የሳንባ ምች፣ የሳንባ ነቀርሳና ተቅማጥ ነበሩ። ዛሬ የልብ ሕመምና ካንሰር ናቸው። ይህን በሟርት አላወቅነውም። እንደ አባቴ ያለ ወረቀት ተደምሮ ነው። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ በሳንባ ካንሰር ሞቱ ተብለው የተመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1922 ዓመት 612 ሰዎች ነበሩ። በ1947 ግን 9,287 ሆኑ። እንግሊዛውያኑ ተመራማሪዎች ዶልና ሂል "ይህ ነገር ከምን መጣ?" ብለው ሲጋራው ላይ የደረሱት ከዚህ ቁጥር ተነሥተው ነው። እስቲ እነዚያ 9,287 ወረቀቶች ላይ "የትንፋሽ መቆም" ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ያስቡት።

አሁን ደግሞ የስኳር ተራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2019 በስኳር የሚሞተው ሰው በ70 በመቶ ጨምሮ በሽታው ከአሥሩ ዋና ገዳዮች ተርታ መግባቱን ተናግሯል። የእርስዎ ዓመታዊ ሪፖርት ግን እኛ ዘንድ ቀንሷል ይላል። ደስ ይላል። ከቀነሱት አንዱ አባቴ ነው።

ያንን ሪፖርት አንብቦ ነው እኮ በጀት መዳቢው የእጥበት ማሽን ይገዛ፣ አይገዛ የሚለው። አባቴ ተራ ሲጠብቅባት የነበረችው ጠባብ ኮሪደር ዛሬም እንደ ሞላች ናት። ሰዉ እዚያ ቁጭ ብሎ፣ ወረቀቱ ላይ የለም።

አዲስ ሕግ አውጡልኝ አላልኩም። ያከሙት ሐኪም የሞሉት ቅጽ ከመጀመሪያው ማመልከቻ ጀምሮ ተያይዟል። ለአራተኛ ጊዜ አያይዤዋለሁ። ከላይ የኩላሊት መድከም፣ ከሥሩ ስኳር ይላል። ሐኪሙ ፈርመውበታል። የቀረው ማኅተም ብቻ ነው። ማኅተም ያዡ ስብሰባ ላይ ናቸው እንዳትሉኝ። ሦስቱንም ጊዜ ስመጣ ወንበራቸው ላይ የተንጠለጠለው ያው ኮት ነው።