ሳታነቡ አትፈርሙ

የተከበራችሁ የሠራተኛ ማኅበራችን አባላት፣

የሠራተኛ ቅነሳው ስም ዝርዝር ዓርብ ማታ፣ ሰርቪስ ሊነሳ ሲል፣ አሻራ ማሽኑ አጠገብ ተለጥፎ ተገኘ። ከሲሪንጅ ማሸጊያ ክፍል አንዷ እህታችን ስሟን ያየችው ነጭ ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ ነው። ማናጅመንቱ በዶላር እጥረት ጥሬ ዕቃ አልገባም ይላል። ይሁን፤ የሥራ አስኪያጁ አዲሱ ፒክአፕ መኪናስ በምን ገባ?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ቅነሳ ከሠራተኛ ማኅበር ጋር ምክክር ይደረግበት ይላል። ማንም አልጠራንም። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ተቀናሽ ሠራተኛ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ፣ ከመደበኛው የስንብት ክፍያ በላይ ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ ይገባዋል። ችሎታ እኩል ሲሆን ነፍሰ ጡሮች መጨረሻ ነው የሚነኩት፤ እዚህ ግን ከፊት ተሰልፈዋል።

«በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» የሚል ወረቀት ላይ እንዳትፈርሙ። እሑድ ከጠዋቱ 4 ሰዓት አዳማ፣ ፍራንኮ እንገናኝ፤ የቅጥር ደብዳቤያችሁን ያዙ።