መብራት ሲሄድ ቀረጻው እንዳይቋረጥ፦ ለሰፈራችን የቀረጻ ክፍል የድጋፍ ጥሪ

ውድ የሰፈራችን ልጆች፣ እዚሁ አዲስ አበባ ያላችሁም ውጭ ያላችሁም፣ ጤና ይስጥልን።

ባለፈው ክረምት አንድ የሰፈራችን አባት ማሲንቋቸውን በጨርቅ ጠቅልለው እድሩ ቤት መጡ። የጓሮዋን ክፍል ታውቋታላችሁ። የእድሩ ድንኳንና ብረት ድስት የሚቀመጥባት ናት። ግማሹን አስለቅቀን፣ ግድግዳውን በብርድ ልብስና በአሮጌ ፍራሽ ሸፍነን ቀረጻ እንጀምር ያልንባት እሷው ናት። ጣሪያዋ ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናቡ እስኪያባራ ጠበቅን። አባታችን ቡና ጠጡ፣ ጭራውን እጣን ቀቡት፣ ጀመሩ።

ሦስተኛው ግጥም ላይ መብራት ድርግም አለ። ላፕቶፑ በባትሪው ቀጠለ። የማይኩን ድምፅ ወደ ላፕቶፑ የሚያስገባው ሳውንድ ካርድ ግን የራሱ አዳፕተር ያለው፣ ግድግዳ ላይ የሚሰካ ነበርና ሞተ። እሳቸው አላወቁም። ዓይናቸውን ጨፍነው እየተጫወቱ ነው። ማን ያቋርጣቸው? አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ተጫወቱ፤ በመሃል የክፍሉን ሰው ሁሉ እያነሱ ግጥም አወጡልን። ሲጨርሱ ቀና አሉና «ገባ?» አሉን። «አልገባም» ለማለት አፋችን ተሳሰረ።

በሌላ ቀን ተመልሰው መጡልን፤ እግዜር ይስጣቸው። ግን ማሲንቆ ተጫዋች ግጥሙን እዚያው ነው የሚፈጥረው። የዚያን ቀኑ ግጥም የዚያን ቀን ቀረ።

ይህን ጥሪ የምንጽፈው ለዚህ ነው። የምንጠይቀው በዋናነት ለአንዲት ዕቃ፣ ለአዲስ ሳውንድ ካርድ ነው። ለምን እሷን እንደመረጥን ግን ገንዘባችሁን ከመስጠታችሁ በፊት ማወቅ አለባችሁ።

ለማታውቁት፦ ሳውንድ ካርድ የምንለው ኦዲዮ ኢንተርፌስ ነው። የማይኩን ድምፅ ተቀብሎ፣ አጉልቶ፣ ወደ ቁጥር ቀይሮ በዩኤስቢ ለኮምፒውተሩ ይሰጣል። ላፕቶፕ በራሱም የማይክ ቀዳዳ አለው፤ ነገር ግን ለስልክ ወሬ እንጂ ለሙዚቃ አይሆንም። ኮንደንሰር ማይክ፣ ስስ ድምፅ ሳይቀር የሚይዘው የስቱዲዮ ማይክ፣ ለመሥራት 48 ቮልት ይፈልጋል። ፋንተም ፓወር የሚሉት እሱን ነው፤ የሚመጣውም ከሳውንድ ካርዱ ነው።

እስካሁን የተጠቀምንበት ያገለገለ ዕቃ ሁለት ማይክ ብቻ ነው የሚቀበለው። እኛ ግን የምንቀርጸው ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና ከበሮ አብረው ሲጫወቱ ነው። ክራሩንና ዋሽንቱን በአንድ ማይክ አስጠግተን ስንቀርጽ ሁለቱ አንድ ትራክ (አንድ የድምፅ መስመር) ላይ ተጣብቀው ይቀራሉ። በኋላ ዋሽንቱን ዝቅ እናድርግ ብትሉ ክራሩም አብሮ ይወርዳል። እያንዳንዱን በተራ መቅረጽ ይቻላል የሚሉን አሉ። ለወጣቶቹ ይሠራል። ስልሳ ዓመት ሙሉ ከሰው ጋር ዓይን ለዓይን እየተያዩ የተጫወቱ አባትን ግን ሄድፎን አድርገው ብቻቸውን ተጫወቱ ማለት ጨዋታቸውን መግደል ነው። ሞክረነው አይተነዋል።

ስለዚህ አራት ማይክ በአንዴ የሚቀበል ያስፈልገናል። እዚህ ላይ ምርጫው ብዙ ነው። በብዙ ቤት ስቱዲዮ የሚታየው ፎከስራይት ስካርሌት 2አይ2 ጥሩ ዕቃ ነው፤ ኃይሉንም ከላፕቶፑ ይወስዳል። ግን የማይክ መግቢያው ሁለት ነው። በሪንገር ዩኤምሲ404ኤችዲ አራት አለው፤ ለዋጋውም ምንም አይወጣለትም። ችግሩ ኃይሉን ከግድግዳ መውሰዱ ነው። መብራት ሲሄድ ያው የክረምቱ ታሪክ ይደገማል ማለት ነው።

ብዙ ከተከራከርን በኋላ የተስማማነው በኦዲየንት ኢቮ 8 ነው። አራት የማይክ መግቢያ አለው። አራቱም 48 ቮልት ይሰጣሉ። ኃይሉን የሚያገኘው በዩኤስቢ ገመዱ ከላፕቶፑ ስለሆነ፣ ባትሪው እስካለ ድረስ መብራት መጣ ሄደ ግድ የለውም። ሁለት የሄድፎን መውጫ ስላለው የሚጫወተውና የሚቀርጸው እኩል ይሰማሉ። አንድ የወደድንለት ነገር ደግሞ ጌይኑን፣ ማለትም የማይኩን ድምፅ የሚያጎላበትን መጠን፣ በራሱ የማስተካከል ችሎታው ነው። ተጫዋቹ ለጥቂት ሰከንድ ይጫወትለታል፤ እሱ አዳምጦ መጠኑን ይወስናል። ክፍሉን የሚያንቀሳቅሱት ገና የሚለማመዱ ልጆች ስለሆኑ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከበሮው ሲመታ ቀይ መብራት በርቶ ድምፁ ተሰንጥቆ የቀረብን ቀረጻ ቁጥሩ ብዙ ነው።

በገናን ያነሳሁላችሁ እንደሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። በገና ዝቅ ያለ ድምፅ ነው ያለው። በአሥሩ አውታሮች ሥር የሚገቡት እንዚራዎች፣ እነዚያ ቁራጭ ቆዳዎች፣ የሚሰጡት ንዝረት ነው በገናን በገና የሚያደርገው። ያንን ንዝረት ለመያዝ ማይኩን አስጠግቶ ጌይኑን ከፍ ማድረግ ግድ ነው። ደካማ ሳውንድ ካርድ ጌይኑ ከፍ ሲል ሽሽሽ የሚል ድምፅ ያመጣል። በአሮጌው ዕቃችን የቀረጽነውን አንድ በገና ስታዳምጡ ከበስተኋላው ዝናብ የሚዘንብ ይመስላችኋል። አልዘነበም። ዕቃው ነው።

በ192 ኪሎኸርዝ፣ ማለትም ድምፁን በሰከንድ 192 ሺህ ጊዜ እየለካ፣ የሚቀርጽ ካልሆነ አትግዙ ያሉን ነበሩ። አልተቀበልንም። በ24 ቢት እና በ48 ኪሎኸርዝ እንቀርጻለን፤ ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። በዚህ መጠን እንኳ አራት ትራክ ለአንድ ሰዓት ሲቀረጽ 2 ጊጋባይት ያህል ይይዛል። ለዚህ ነው ሁለት ሃርድ ዲስክ በጀቱ ውስጥ የገባው፤ አንዱ ክፍሉ ውስጥ፣ አንዱ ሌላ ቤት ይቀመጣል።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። በጠቅላላው የሚያስፈልገን 145,000 ብር ነው። ሳውንድ ካርዱ እዚህ እስኪደርስ 45,000 ይፈጃል። ሁለት ኮንደንሰር ማይክ 32,000 ነው፤ ሁለት ተራ ማይክ አለን። የቀረው ለማይክ መቆሚያ፣ ለገመድ፣ ለሄድፎን፣ ለሃርድ ዲስኮቹና ለቆርቆሮው ሥር ለሚወጠር ስፖንጅ ነው። እስካሁን ከአባላትና ከጎረቤት 61,500 ብር ሰብስበናል። የጎደለን 83,500 ብር ነው። ክፍሏን እድሩ በነጻ ሰጥቶናል። የሚቀርጹት ልጆች አይከፈላቸውም። የተቀረጸው ሁሉ የተጫዋቹ ነው፤ አንድ ቅጂ ለቤተሰቡ ይሰጣል፤ እሱ ሳይፈቅድ የትም አይወጣም።

ውጭ ላላችሁ አንድ ነገር። ከገንዘብ ይልቅ ዕቃ መላክ የሚቀላችሁ ትኖራላችሁ። ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ሳውንድ ካርድ ወይም ማይክ ካላችሁ ለኛ ወርቅ ነው። ሁለት መግቢያ ያለውም ቢሆን ለልጆቹ መለማመጃ ይሆናል። ግን እባካችሁ ከመላካችሁ በፊት ሁለት ነገር እዩልን። የመጀመሪያው አዳፕተሩ ነው። አሜሪካ ያላችሁ በተለይ፣ ላዩ ላይ 100–240 ቮልት የሚል ካልተጻፈበት እዚህ 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። አንድ ጥሩ ስፒከር እንዲህ ሆኖ አጥተናል፤ የላከችልን እህታችን ሻንጣዋ ውስጥ በልብስ ጠቅልላ ስንት ለፍታ ያመጣችው ነበር። ሁለተኛው ገመዱ ነው። በዩኤስቢ የማይሠሩ፣ በፋየርዋየር የሚሰኩ የድሮ ዕቃዎች ከኛ ላፕቶፕ ጋር አይገናኙም። እነሱን ተዉአቸው።

እዚህ ላላችሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከ3 እስከ 6 ሰዓት እድሩ ቤት ሰው አለ። የእድሩ ገንዘብ ያዥ በደረሰኝ ይቀበላችኋል። መቶ ብርም ቢሆን ደረሰኝ ሳትይዙ አትውጡ። የተገዛው ዕቃና ዋጋው በየወሩ መጨረሻ በሩ ላይ ይለጠፋል። ገንዘብ የሌላችሁ፣ ግን አሮጌ ፍራሽ ወይም ወፍራም መጋረጃ ያላችሁ፣ እሱንም አምጡ። የግራው ግድግዳ ገና ባዶ ነው።

ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ዕቃው እጃችን ቢገባ ደስ ይለናል። በጾሙ በገና የሚደረድሩ ሁለት እናቶችና አንድ አባት እንመጣለን ብለውናል። የማሲንቆው አባታችንም ሰሞኑን መንገድ ላይ አግኝተውን «መብራቱን አስተካከላችሁ?» ብለው ጠየቁን። «በቅርቡ ነው አባባ» አልናቸው።

የቀረጻ ክፍሉ አስተባባሪዎች