የአሰልጣኙና የሥራ አስኪያጁ ወሰን

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

አንድ የበረዶ ሆኪ ቡድን ሽንፈት ሲደራረብበት «አሰልጣኙ ተጫዋቾቹን ራሱ ቢያስፈርም ኖሮ ይህ ባልደረሰ ነበር» የሚል አስተያየት ይበዛል። ሐሳቡ ለአሰልጣኞች በማዘን የሚቀርብ ቢሆንም እንደ እኔ እምነት እነሱኑ የሚጎዳ ስለሆነ ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ።

በሰሜን አሜሪካው ብሔራዊ ሆኪ ሊግ ተጫዋች የመመልመል፣ የማዘዋወርና ውል የመፈረም ሥልጣን የዋና ሥራ አስኪያጁ ሲሆን፣ ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ ይህንኑ የሚያከናውነው በደመወዝ ጣሪያ፣ ማለትም አንድ ቡድን ለተጫዋቾቹ ሊከፍል በሚችለው ከፍተኛ ድምር ተወስኖ ነው። አሰልጣኙ በበኩሉ በቡድኑ ከተመዘገቡት ቢበዛ 23 ተጫዋቾች ለግጥሚያ የሚቀርቡትን 20 ይመርጣል፤ ማን ከማን ጋር እንደሚሰለፍና ግቡን ማን እንደሚጠብቅም ይወስናል። ተጫዋቾች አንድ ደቂቃ ሳይሞላቸው በሚቀያየሩበት ጨዋታ ይህ ውሳኔ ከቢሮ ሊሰጥ አይችልም። ብዙ ገንዘብ ያወጣሁበት ተጫዋች ለምን ከሰልፍ ውጭ ሆነ ብሎ የሚደውል ሥራ አስኪያጅ አሰልጣኙን በተጫዋቾቹ ፊት ያቀለዋል፤ እንዲህ ያለው ነገር ደግሞ ከመልበሻ ክፍል ተሰውሮ አይቆይም።

አስቸጋሪው የሁለቱ ሥልጣን የሚነካካበት ቦታ ነው። በሊጉ ደንብ የ18 ወይም የ19 ዓመት አዲስ ተጫዋች በአንድ የውድድር ዘመን ከዘጠኝ ግጥሚያ በላይ ካልተሰለፈ በአነስተኛ ደመወዝ የተፈረመው የሦስት ዓመት የጀማሪ ውሉ ሳይነካ ወደሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል፤ አሥረኛውን ከተጫወተ ግን አንዱ ዓመት ተቆጠረ ማለት ነው። አሰልጣኙ የነገ ማታውን ግጥሚያ እያሰበ ልጁን ላሰልፈው ይላል፤ ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ልጁ በአነስተኛ ደመወዝ የሚቆይበትን የመጨረሻ ዓመት ያሰላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔ የመጨረሻው ቃል የሥራ አስኪያጁ ይሁን ባይ ነኝ፤ ነገር ግን ጉዳዩ በዘጠነኛው ግጥሚያ ማግስት ሳይሆን ውድድሩ ሳይጀመር ሊመከርበት ይገባል። ልጁን በቡድኑ ውስጥ ካቆዩት በኋላም ስንት ደቂቃ ይጫወት የሚለው የአሰልጣኙ ብቻ ነው።

ሁለቱንም ሥልጣን ለአንድ ሰው እንስጥ ለሚሉ የስኮቲ ቦውማንን ታሪክ አስታውሳለሁ። በሞንትሪያል አምስት ጊዜ የሊጉን ዋንጫ ስታንሊ ካፕን ያነሣው ይህ አሰልጣኝ የሥራ አስኪያጅነቱ ወንበር ለሌላ ሰው ከተሰጠ በኋላ በ1979 ወደ ቡፋሎ ሄዶ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ሥራ ደርቦ ያዘ፤ ዋንጫ ግን አላገኘም። በአሰልጣኝነት ካነሣቸው ዘጠኝ ዋንጫዎች አንዱንም ያገኘው ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ሳለ አይደለም። በእርግጥ የቡፋሎ ውጤት በዚህ ብቻ አይተረጎምም፤ በዲትሮይትም ለተወሰኑ ዓመታት የተጫዋቾች ጉዳይ ኃላፊ ሆኖ በምርጫው ላይ ድምፅ ነበረው። ድምፅ ማግኘትና ፊርማውን መያዝ ግን የተለያዩ ናቸው። ተጫዋቹን ያስፈረመው ሰው ራሱ አሰላፊ ሲሆን፣ ስሕተቱን ከሰልፍ ማውጣት የራሱን ስሕተት በአደባባይ ማመን ይሆንበታል።

የሴንት ሉዊስ ቡድን በኅዳር 2018 አሰልጣኙን ቀይሮ እንኳ በጥር 2019 መጀመሪያ ላይ ከሊጉ ሁሉ መጨረሻ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ዳግ አርምስትሮንግ ቡድኑን አልበተነም፤ ግብ ጠባቂው ጆርዳን ቢኒንግተን ከታችኛው ሊግ መጣ፣ አሰልጣኙ ክሬግ ቤሩቤም ደጋግሞ አሰለፈው፤ በሰኔ ዋንጫው የእነሱ ሆነ። ያንን ልጅ ማምጣት የአንዱ ድርሻ ነበር፣ በእሱ መጽናት ደግሞ የሌላው።

ስለዚህ ዘጋቢዎቻችሁ የአሰልጣኝ ስንብት ሲዘግቡ፣ ቡድኑን ለሽንፈት ያበቃው ውሳኔ የአሰላለፍ ነበር ወይስ የውልና የዝውውር ብለው ቢጠይቁልን፣ የተሰናበተው ሰው በገዛ ሥራው ይሁን በሌላ ሰው ፊርማ የተሰናበተው ለይተን ማንበብ እንችል ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ